ስድስት ልበል ወይስ አራት ላይ ልቁም?

ባለፈው ቅዳሜ ማታ መብራት የሄደው «ስድስት ስፔድ» ብዬ አፌን ሳልዘጋ ነው። ኢንጂነሩ በጨለማው ውስጥ «መብራቱም ፓስ አለ» ብሎ ሳቀ። እትዬ ሻማ ፍለጋ ተነሡ። እኔ ካርታዬን ደረቴ ላይ ለጥፌ ቁጭ አልኩ፣ ልቤ ይደልቃል። ለአንድ የካርታ ጨዋታ ይሄ ሁሉ ምንድነው ትሉኝ ይሆናል። ከሁለት ዓመት በፊት እኔም እንደዚያ ነበር የምለው።

ስለዚያች እጅ ነው የምጽፈው፤ ግን ከሥሩ ካልጀመርኩ አይገባችሁም፣ ምክንያቱም ብሪጅ የሚጫወት ሰው በብሎካችን አራት ብቻ ነው፣ አራቱም እኛው ነን።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ከተማው የሚያልቅበት፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚጀምርበት። ስሙ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው፤ በክረምት ጫማችንን የሚይዘው ጭቃ ግን ጥቁር ነው፣ እሱም ካልጎተቱት አይለቅም። ከሥራ መልስ በታክሲ ሰልፍ ደክሜ ስገባ መሽቷል፣ ከመሸ በኋላ ደግሞ የትም አይኬድም። ነፋሱ አለ፣ ራቅ ብሎ ጅቡ አለ። ስለዚህ ሰው ወይ ቴሌቪዥን ላይ ይፈዛል ወይ ካርታ ይጫወታል። እኔ የማውቀው ኮንከርና ክሬዚ ነበር።

ብሪጅን ያስተማሩን ግራውንድ ላይ የሚኖሩት ጋሼ ናቸው። ጡረታ የወጡ ባሕረኛ ናቸው፣ የንግድ መርከብ ላይ ነው ዕድሜያቸው ያለቀው። መኮንኖቹ ለጨዋታ አራተኛ ሰው ሲጎድላቸው ጠሯቸው፣ በዚያው ቀሩ። እትዬ ደግሞ የተማሩት፣ በራሳቸው አባባል፣ «ባሌ ከመርከቡ ይልቅ ስለ ካርታው ሲያወራ ምን እንደሚል እንዲገባኝ» ብለው ነው። አሁን ከባላቸው ይበልጣሉ። ይሄን ጋሼ ፊት አልናገርም። አራተኛው ሦስተኛ ፎቅ ያለው ኢንጂነር ነው፣ የእትዬ አጣማሪ። እኔ የጋሼ አጣማሪ ነኝ።

ጨዋታው በአጭሩ ይሄ ነው። አራት ሰው፣ ሁለት ለሁለት፣ ፊት ለፊት የሚቀመጡት ወገን ናቸው። ጆከር የለም፣ እያንዳንዱ 13 ካርታ ይይዛል። አራት ካርታ ይወድቃል፣ ከፍ ያለው ይበላል፣ እሷ አንድ ትሪክ ናት። ስለዚህ በአንድ እጅ 13 ትሪክ አለ። ከመጫወቱ በፊት ግን ጨረታ አለ፣ ብሪጅን ብሪጅ ያደረገውም እሱ ነው። ስንት እንደምትበሉና የትኛው ዓይነት (ስፔድ፣ ኸርት፣ ዳይመንድ ወይስ ክለብ) ገዢ፣ ማለትም ሌሎቹን ዓይነቶች የሚበላ፣ እንደሚሆን ትጠራላችሁ። ከጠሩት ቁጥር ላይ 6 ይደመራል፤ «አራት ስፔድ» ያለ ሰው 10 ትሪክ እበላለሁ ብሎ ቃል ገባ ማለት ነው። «ስድስት» ያለ 12፣ «ሰባት» ያለ ሁሉንም። ስድስቱ ትንሹ ስላም ይባላል፣ ሰባቱ ትልቁ ስላም። ስላም ከሰላም ጋር ምንም ዝምድና የለውም፣ እንዲያውም በጋሼ ቤት ትልልቆቹ ጭቅጭቆች ሁሉ የተነሡት በእሱ ነው።

መጀመሪያ ያናደደኝን ሕግ ልንገራችሁ። አራት ብለህ 12 ብትበላ የስላም ሽልማት የለም። ዜሮ። 12ቱን በእጅህ በልተሃቸው፣ ካርታው ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ፣ «አልተናገርክማ» ትባላለህ። ለተረፈችው ትሪክ 30፣ 30 ነጥብ ወርውረውልህ ያልፋሉ። ተናግረህ ብትበላ ግን 500 ይጨመርልሃል፣ ቫልነረብል ከሆንክ (ሽልማቱም ቅጣቱም የሚከብድበት ተራ ነው) 750።

ይሄንን ያመጣው ሃሮልድ ቫንደርቢልት የሚባል አሜሪካዊ ሀብታም ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደዚያው ናቸው) በ1925 «ፊንላንድ» በምትባል መርከብ በፓናማ ቦይ ሲጓዝ አዲስ የነጥብ አያያዝ አወጣና ከጓደኞቹ ጋር እዚያው ሞከረው። ከዚያ በፊት በነበረው ጨዋታ ዝቅ ብሎ ጠርቶ ብዙ መብላት ያዋጣ ነበር። እሱ ግን የተናገርከውን ብቻ ነው የምቆጥርልህ አለ። ጋሼ ይሄን ታሪክ ይወዱታል፣ ነገሩ የተወለደው መርከብ ላይ ስለሆነ። በሰፈራችን ቋንቋም ይተረጉሙታል፦ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል።»

እትዬ ታዲያ ዝም አይሉም። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ይላሉ፣ ካርታቸውን እያስተካከሉ፣ ቀና እንኳን ሳይሉ። ምክንያቱም ስድስት ብለህ 11 ከበላህ በአራት ታገኘው የነበረው ሁሉ ይቀርና ቅጣት ይመጣል። ሁለት ዓመት ሙሉ በእነዚህ ሁለት ተረቶች መሀል ነው የተቀመጥኩት።

እኔ በተፈጥሮዬ የእትዬ ወገን ነኝ። ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ የያዝኩትን አልለቅም። አራት ስፔድ ካገኘሁ «ይበቃናል» ብዬ እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ። የዛሬ ዓመት ሐምሌ ላይ ግን አንድ እጅ መጣች፣ እስካሁን ሳስባት ጥርሴን ያፋጨኛል።

ካርታዬ ይሄ ነበር። ስፔድ፦ ኤስ፣ ኩዊን፣ 10፣ 7፣ 5። ኸርት፦ ኤስና 6። ዳይመንድ፦ 4 ብቻዋን። ክለብ፦ ኪንግ፣ ኩዊን፣ 8፣ 6፣ 2። በብሪጅ ኤስ 4 ነጥብ፣ ኪንግ 3፣ ኩዊን 2፣ ጃክ 1 ነው፤ ካርታው በሙሉ 40 ነጥብ አለው። እኔ 15 ያዝኩ። «አንድ ስፔድ» ብዬ ከፈትኩ። ጋሼ «ሦስት ስፔድ» አሉ፣ ማለትም አራት ስፔድ አለኝ፣ ነጥቤም ከ10 እስከ 12 ነው። ደመርኩ። 15 እና 11፣ 26። ለስላም 33 ያስፈልጋል ብለው ያስተማሩኝ ራሳቸው ናቸው። አራት ስፔድ አልኩና ቆምኩ፣ ጎበዝ ነኝም አልኩ በሆዴ።

ጋሼ፣ የጠሪዋ አጣማሪ ናቸውና፣ ካርታቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ፤ ሁለቱንም እጅ የምጫወተው እኔ ነኝ። ስፔድ፦ ኪንግ፣ ጃክ፣ 8፣ 4። ኸርት፦ ኪንግ፣ 7፣ 3። ዳይመንድ፦ 9፣ 8፣ 6፣ 2። ክለብ፦ ኤስና 5። ተጫወትኩ። አንድ ዳይመንድ ለቀቅኩ፣ ከዚያ ወዲያ ምንም። አንድ ክለብ በጋሼ ገዢ ቆረጥኩ፣ የቀሩት ክለቦቼ ሁሉ በላ በላ ሆኑ። 12 ትሪክ! በ26 ነጥብ!

ኢንጂነሩ «ቆንጆ ነው፣ አራት ጠርታ 12» አለ። ያች «ቆንጆ ነው» የምትለው ቃል አጥንቴ ውስጥ ገባች። ጋሼ ምንም አላሉም። ቡናቸውን ፉት አሉና ዳይመንዶቻቸውን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ። 9፣ 8፣ 6፣ 2። «እዚህ ስንት ነጥብ አለኝ?» አሉ። ምንም። «ስንትስ ከስሬአለሁ?» እሱም ምንም፤ የተሸነፍነው አንድ ጊዜ ብቻ ነዋ፣ ምክንያቱም እኔ አንድ ብቻ ነበረኝ።

በኋላ ቤት ገብቼ ሳስበው ነው የገባኝ። የጋሼ 11 ነጥብ አንዱም አልባከነም፣ ሁሉም እኔ የምፈልግበት ቦታ ነበር። ተቃራኒውን አስቡት፦ ያው አራት ስፔድ ከነኪንጉና ከነጃኩ፣ ኸርት ሦስት ተራ፣ ክለብ ሁለት ተራ፣ ዳይመንድ ደግሞ ኪንግ፣ ኩዊን፣ ጃክና 2። እሱም 10 ነጥብ ነው። ጨረታው ላይም «ሦስት ስፔድ» የሚባል እጅ ነው። ግን የዳይመንድና የክለብ ኤስ ጠላት ጋ ናቸው፣ እንኳን ስድስት አምስትም በጭንቅ ነው። ነጥቡ ከሞላ ጎደል ያው ነው። ሥራ ላይ የዋለው ግን አይገናኝም። ዳይመንድ አንድ ብቻ ላላት ለእኔ የዳይመንድ ኪንግ፣ ኩዊንና ጃክ ምን ያደርጉልኛል? ያማሩ ሥራ ፈቶች ናቸው።

ለዚህ ሲሉ ነው ለካ ሰዎች ስፕሊንተር የሚባለውን ጥሪ የፈጠሩት። ዶሮቲ ሃይደን ትረስኮት እና ዴቪድ ክሊፍ፣ ሁለቱም አሜሪካውያን፣ በ1960ዎቹ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው ነው ያሰቡት። ከተለመደው በላይ ዘልለህ ትጠራለህ፣ ትርጉሙ «አንተ ባልከው ገዢ ተስማምቻለሁ፣ አሁን በጠራሁት ዓይነት ግን አንድ ወይም ባዶ ነኝ» ነው። አጣማሪህ ያንን ሰምቶ በዚያ ዓይነት ያለውን ይመለከታል፤ ተራ ካርታ ከሆነ ይደሰታል፣ ኪንግና ኩዊን ከሆነ ፊቱ ይጠቁራል። ነጥብ ያለው ሰው የሚያዝንበት ሌላ ጨዋታ አላውቅም።

ከዚያች የሐምሌ እጅ በኋላ ጋሼ አንድ ጥያቄ ሰጡኝ፣ ከድምሩ በፊት ራሴን የምጠይቀው። የእሳቸው አይደለም፣ በ1930ዎቹ ብሪጅን ዓለም ላይ ያስፋፋው የኢሊ ከልበርትሰን ነው። አጣማሪሽ ቃል የገባውን ያህል ብቻ ይኑረው፣ ከዚያ አንድም ነጥብ አትጨምሪለት። ግን ያቺ ትንሽ ነገር ልክ አንቺ በምትፈልጊያት ቦታ ላይ ብትሆን ስላሙ ያለምንም ጭንቀት ይመጣል ወይ? አዎ ከሆነ ሙከራ አድርጊ። ልብ በሉ፣ «ስድስት በይ» አይልም። ጠይቂ ነው የሚለው።

በሐምሌዋ እጅ ብጠይቅስ? የስፔድ ኪንግ፣ የኸርት ኪንግ፣ የክለብ ኤስ። 10 ነጥብ። ጋሼ ቃል ከገቡት ውስጥ ነው፣ አላጋነንኩም። ስለዚህ አራት ክለብ ማለት ነበረብኝ፣ «ክለብን ይዣለሁ» ለማለት። እሳቸው «አራት ኸርት» ይላሉ፤ በመሀል ዳይመንድን ዘለሉ፣ ስለዚህ በዳይመንድ ኤስም ኪንግም የላቸውም፣ የሚባክን የለም። ከዚያ ኤስ እቆጥራለሁ፣ ከዚያ ስድስት። ቀላል ነበር። ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብለህ ግን ቀላል አይደለም፣ አራት ስፔድ አፍህ ውስጥ ነው ያለው፣ ሞቅ ብሎ።

እሺ ስንት ጊዜ ሲሳካ ነው የሚያዋጣው? ይሄ የእኔ ክፍል ነው፣ ወረቀት አወጣሁ። እኛ ነጥብ የምንይዘው እያንዳንዱን እጅ ለብቻው ነው፣ እንደ ውድድሩ። ቫልነረብል ሳንሆን ስድስት ስፔድ ብለን 12 ከበላን 980። አራት ብለን 12 ከበላን 480። ልዩነቱ 500። ስድስት ብለን 11 ከበላን 50 እንቀጣለን፣ አራት ላይ ብንቆም ግን በዚያው 11 ትሪክ 450 ነበረን። ልዩነቱ አሁንም 500። ቫልነረብል ስንሆንም ሠራሁት፣ 750 በ750 ወጣ። ትክክል በትክክል፣ ግማሽ በግማሽ! ከሁለት አንድ ጊዜ የሚመጣ ስላም አይጎዳም፣ ከዚያ ትንሽ ከበለጠ መጠራት አለበት። ወረቀቱን ለእትዬ አሳየኋቸው። አዩትና «ቆጡ ዝቅ አለ በያ» አሉ።

ትልቁ ስላም ግን ሌላ ነው። ሰባት ስትል የምታስይዘው የጌሙን (አራት ስፔድ ላይ ቆመህ የምታገኘውን) ብቻ ሳይሆን የትንሹን ስላም ሽልማትም ጭምር ነው። ሒሳቡ ከሦስት ሁለት ጊዜ ካልተሳካ አያዋጣም ይላል፤ ጋሼ ደግሞ 13ቱን እስከ መጨረሻ ካልቆጠርሽ ሰባትን አትጥሪ ይላሉ። በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ጠርቼዋለሁ። እሱን ሌላ ቀን።

ግማሽ የሚባለው በካርታ ምን ይመስላል? አንድ ፊኔስ ነው። ኤስና ኩዊን ይዘሃል፣ ኪንጉ ጠላት ጋ ነው፣ በየትኛው በኩል እንዳለ አታውቅም፤ ከወዲህ ከሆነ ኩዊንህ ትበላለች፣ ከወዲያ ከሆነ ትበላለች (አንዷን ጠበቅ፣ አንዷን ላላ አድርጋችሁ አንብቡ፣ እኔ ምን ላድርግ)። አምስት ካርታ ጠላት ጋ ካለ 3 ለ 2 የሚከፈለው 68 በመቶ ነው። ፊኔሱም፣ ይሄም አንድ ላይ መሳካት ካለባቸው ወደ 34 በመቶ ይወርዳል፣ እንደሱ ዓይነቱን ስላም ተዉት። ከሁለት ፊኔስ አንዱ ከበቃህ ግን 75 ነው፣ ግባ።

ከሐምሌ በኋላ ደግሞ ሌላው ጥግ ደረስኩ። ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም አልኩና ሳምንት በሳምንት ስድስት ስጠራ ከረምኩ። መሣሪያዬ ብላክውድ ነበር። ኢዝሊ ብላክውድ የሚባል የኢንሹራንስ ሰው በ1933 ያወጣው ነው፤ «አራት ኖትራምፕ» ትላለህ (ኖትራምፕ ማለት ገዢ የሌለው ነው)፣ አጣማሪህ ስንት ኤስ እንዳለው በአምስት ቁጥር ላይ ይመልስልሃል። አሁን የሚበዛው ሰው የገዢውን ኪንግ እንደ አምስተኛ ኤስ ይቆጥረዋል፣ እኛም እንደዚያ ነን። ደስ ይላል ሲጠሩት። ዓቃቤ ሕግ የሆንክ ይመስልሃል።

ኅዳር ላይ እኔና ጋሼ አንድ ላይ 33 ነጥብ ያዝን። 33! መጽሐፍ የሚለው ቁጥር። ጠየቅኩ፣ ከአምስቱ አንድ ብቻ እንደጎደለ አወቅኩ፣ ስድስት ስፔድ ብዬ እግሬን ዘረጋሁ። እትዬ የክለብ ኤስ ጣሉ። በላች። የክለብ ኪንግ ጣሉ። በላች። አለቀ፣ ገና ካርታ ሳልነካ ከሰርኩ። እኔ ክለብ ሁለት ተራ ነበረኝ፣ ጋሼ ከኩዊን ጀምሮ ወደ ታች። የአንድ ዓይነት ኤስና ኪንግ 7 ነጥብ ነው፣ 40 ሲቀነስ 7 ስንት ነው? 33። መጽሐፉ አልዋሸም፣ 33 ካለህ ሁለት ኤስ ሊጎድልህ አይችልም፣ ሁለት ኤስ 8 ነዋ። ኤስና ኪንግ አንድ ቦታ እንዳይቀመጡ ግን ማንም ቃል አልገባልህም።

ብላክውድ ስንት ነው የሚለውን ይመልሳል፤ የት ነው የሚለውን አይመልስም። ስለዚህ አንድ ባልተጠራ ዓይነት ሁለት ተራ ካርታ ይዘህ አራት ኖትራምፕ አይባልም። ባዶ የሆንክበት ዓይነት ካለም አይባልም፣ አጣማሪህ የሚቆጥርልህ ኤስ ያው ባዶህ ላይ የሚወድቀው እንደሆነ አታውቅማ። እንደዚያ ሲሆን ቀስ እያሉ ነው መሄድ፦ እኔ ክለብን ይዣለሁ፣ አንተስ ዳይመንድን? ጎረቤት ቤት ሲገባ ጫማ አውልቆ በሩን ቆርቆር እንደሚደረገው። ከሁሉም በላይ የሚያናድደው ደግሞ አምስት ላይ መውደቅ ነው። ጠይቀህ፣ ጠይቀህ፣ መልሱ አልጥም ሲልህ አምስት ላይ ትቆማለህ፣ 10 ብቻ ትበላለህ። ስላሙም የለ፣ ጌሙም የለ።

በነገራችን ላይ፣ ጨረታው ላይ የሚፈቀደው ንግግር በጣም ትንሽ ነው። 35 ጥሪዎች አሉ፣ ሌላው ፓስ፣ ደብልና ሪደብል ብቻ ነው። በቃ። ማሳል የለም፣ ማቅማማት የለም፣ «እንዴ!» የለም። ጋሼ ረጅም ጊዜ አስበው ፓስ ካሉ እኔ ያንን ማሰባቸውን መረጃ አድርጌ ስድስት ማለት አልችልም፣ ማጭበርበር ነው። ለእኛ ሰው ይሄ መከራ ነው። ኢንጂነሩ ጥሩ እጅ ሲይዝ እግሩን ያወዛውዛል፣ እትዬ ደግሞ በጠረጴዛው ሥር ይረግጡታል፣ እንዳይጠቀሙበት መሆኑ ነው አሉ።

እንግዲህ ወደ ቅዳሜ።

ሁለተኛው ቡና ወርዷል። እኔ፦ ስፔድ ኤስ፣ ኪንግ፣ ጃክ፣ 8፣ 5። ኸርት ኤስ፣ ኩዊን፣ 3። ዳይመንድ 7 እና 2። ክለብ ኪንግ፣ 9፣ 4። 17 ነጥብ። አንድ ስፔድ አልኩ። ጋሼ «ሁለት ኖትራምፕ» አሉ፣ በእኛ ስምምነት ስፔድ አራት አለኝ፣ ቢያንስ አራት ስፔድ እንደርሳለን ማለት ነው። «ሦስት ስፔድ» አልኩ፣ የተረፈ ጉልበት አለኝ ለማለት። «አራት ክለብ» አሉ። ኪንጉ እኔ ጋ ነው፣ ስለዚህ የያዙት ኤሱን ነው፣ ወይም አንድ ብቻ ናቸው። እዚህ ጋ የድሮዋ እኔ አራት ኖትራምፕ ትል ነበር። ዳይመንዶቼን አየሁ፣ 7 እና 2። ኅዳር ትዝ አለኝ። «አራት ኸርት» አልኩ፤ ኸርትን ይዣለሁ፣ ዳይመንድን ግን ዘለልኩ፣ ስሙኝ። ሰሙኝ። «አምስት ዳይመንድ» አሉ።

አሁን ጥያቄው ሙሉ በሙሉ እኔ ላይ ወደቀ። አራት ስፔድ አልፏል፣ ወደ ኋላ መመለስ የለም። አምስት ስፔድ ልበልና ልረፍ ወይስ ስድስት? ነጥብ ልደምር ስል እጄን ያዝኩ። ገዢው ጠንካራ ነው፣ ዘጠኝ ካርታ። ዳይመንድን ጋሼ ይጠብቁታል። ክለብ አንድ ልለቅ እችላለሁ፣ እሱን ተዉት። የሚያሰጋኝ የኸርት ኪንግ ነው፣ እሱም ቢከፋ አንድ ፊኔስ ነው። ሦስተኛዋን ኸርት ጋሼ ጋ እቆርጣታለሁ። የከፋው ነገር ግማሽ ነው ማለት ነው፣ ከከፋው ከተሻለ ደግሞ ከግማሽ በላይ። በዚህ ሁሉ ሐሳብ ውስጥ አንዴም «ይበቃናል» የሚለው ቃል አልመጣብኝም፣ ይሄ ራሱ ገረመኝ።

«ስድስት ስፔድ።»

ድርግም።

ሻማው በራ። ኢንጂነሩ የስልኩን መብራት ጠርሙስ ላይ አስደግፎ ወደ ጠረጴዛው አዞረው። ሁሉም ፓስ። እትዬ የክለብ ኩዊን ጣሉ። ጋሼ ዘረጉ፦ ስፔድ ኩዊን፣ 10፣ 6፣ 2። ኸርት 8 እና 5። ዳይመንድ ኤስ፣ ኪንግ፣ 9፣ 4። ክለብ ኤስ፣ 8፣ 7። ልክ እንዳሰብኩት፣ አንድ ክለብ እለቃለሁ፣ ሌላው በኸርት ኪንግ ላይ ነው። ክለቧን በኪንግ በላሁ። ገዢውን ሰበሰብኩ፣ 2 ለ 2 ተከፍሏል። በዳይመንድ ወደ ጋሼ ተሻገርኩ፣ ኸርት አወጣሁ፣ ኢንጂነሩ ትንሽ ጣለ፣ እኔ ኩዊኗን። ትንፋሼን ያዝኩ። እትዬ ኪንጉን ቀስ አድርገው አስቀመጡት፣ ሕፃን እንደሚያስተኙ። ቀጥሎ ክለብ። አንድ ጎደለኝ፣ 11።

«ብብቷ» አለ ኢንጂነሩ። እትዬ እንኳን አልሳቁም።

እኔ ለጋሼ መከላከያዬን አዘጋጅቻለሁ፣ ግማሽ በግማሽ ነበር ልል። እሳቸው ግን ስለ ስድስቱ ምንም አላነሡም። የወደቁትን ካርታዎች ለቀም ለቀም አደረጉና በስልኩ መብራት ሥር እንደገና ደረደሩት። «እትዬሽ መጀመሪያ ምን ጣለች?» የክለብ ኩዊን። «ኩዊን የጣለ ሰው ከኋላዋ ምን ይኖረዋል?» ጃክና 10። ዝም አልኩ፣ መታየት ጀምሮልኛል። ገዢውን ከሰበሰብኩ በኋላ የዳይመንድ ኤስና ኪንግ እበላለሁ። አንድ ዳይመንድ እጄ ላይ እቆርጣለሁ። በክለብ ኤስ ተሻግሬ አራተኛዋንም እቆርጣለሁ። ከዚያ ሦስተኛዋን ክለብ፣ ለማንኛውም የምለቃትን፣ ለእትዬ እሰጣቸዋለሁ። ይብሉ። ከዚያስ? ኸርት ካወጡ ኤስና ኩዊኔ ውስጥ ገቡ። ሌላ ካወጡ አንዱ ጋ እቆርጣለሁ፣ ሌላው ጋ ኸርት እጥላለሁ። ኪንጉ የትም ቢሆን! ፊኔሱን መንካት አያስፈልገኝም ነበር። ያ ሁሉ ግማሽ በግማሽ ሒሳቤ እትዬ ኩዊኗን በጣሉበት ሰከንድ አልቆለታል፣ እኔ ግን ገና ጨረታው ላይ ነበርኩ።

«አውቄ ነው የጠበቅኩት» አሉ እትዬ፣ በረካውን እየቀዱ። «ክለብ ስትሰጪኝ ምን እንደማደርግ ጨንቆኝ ነበር።»

ጋሼ ካርታውን ሰብስበው በውዘው ለኢንጂነሩ ገፉለት፣ የእሱ ተራ ነበር። መብራቱ የመጣው ለሊት ሰባት ሰዓት ነው። እስከዚያ ስድስት የሚያስብል እጅ አልመጣም፣ አንድ ጊዜ ሦስት ኖትራምፕ ጠርቼ ልክ 9 በላሁ።